«ባዶ» የተባለው መሬት

በከተማችን ከግሬደር ቀድሞ የሚደርስ አንድ ቃል አለ፡፡ ቃሉ «ባዶ» ይባላል፡፡ ግሬደሩ የሚመጣው ቃሉ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ነው፡፡ አንድ ሜዳ «ባዶ መሬት» ከተባለ ውሎ አድሮ አጥር ይታጠርበታል፤ አንድ ረግረግ «ባዶ ጭቃ» ከተባለ ውሎ አድሮ ገልባጭ መኪና አፈሩን ይዘረግፍበታል፡፡ ማንም አያለቅስም፡፡ ባዶ ነገር ሲጠፋ ለምን ይለቀሳል?

እኔ በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ከሥራ ሰዓት ውጪ ግጥም እሞክራለሁ፡፡ ስለዚህ ቃል ሁለቱም ሥራዎቼ የሚሉት ነገር አላቸው፡፡ በሒሳብ ሥራ ዜሮ ከቆጠራ በኋላ የሚጻፍ ቁጥር ነው፡፡ ካዝናው ተከፍቶ፣ ያለው ተቆጥሮ፣ ተፈርሞበት፣ ምንም አለመኖሩ ሲረጋገጥ ያን ጊዜ «ባዶ» ይባላል፡፡ ካዝናውን ሳይከፍት ከደጅ ቆሞ «ባዶ ነው» ብሎ የሚፈርም ገንዘብ ያዥ ቢገኝ በማግሥቱ ኦዲተር ፊት ይቆማል፡፡ በከተማችን ደቡባዊ ዳርቻ ባሉት ረግረጎች ላይ ግን ካዝናው ሳይከፈት ይፈረማል፤ ኦዲተርም አይመጣም፡፡ በግጥም ሥራ ደግሞ ኦዲተሩ ገጣሚው ነበር፡፡ ሌላው ያላየውን አይቶ፣ ሌላው ያልጠራውን በስሙ መጥራት የእሱ ሹመት ነበር፡፡ ስለዚህ ክሴ በግሬደር ነጂው ላይ አይደለም፤ እሱ የታዘዘውን ይሠራል፡፡ የምሟገተው ከብዕር ወገኖቼ ጋር ነው፡፡

በመጀመሪያ ስለምን ቦታ እንደምናገር ልግለጥ፡፡ የምኖረው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው፡፡ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ከከተማዋ ምዕራብ ወርዶ ክፍለ ከተማችንን እያቋረጠ ወደ ደቡብ ይሄዳል፡፡ ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ በኩል ይመጣል፡፡ ሁለቱን ተቀብሎ የሚያሳርፋቸው የአባ ሳሙኤል ግድብ ውኃ ነው፡፡ አባ ሳሙኤልን ብዙ ሰው የሚያውቀው በአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ተብሎ ነው፤ ለአሥርተ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና እርዳታ ታድሷል፡፡ ጥቂት ሰው የሚያውቀው ሌላው ማዕርጉ ግን ይህ ነው፤ የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ለአእዋፍ እጅግ ጠቃሚ የሆኑ የአገሪቱን ቦታዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘረዝር በመላ ኢትዮጵያ 69 ቦታዎችን መዘገበ፤ የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረግ ከእነዚህ አንዱ ነው፡፡ ከስልሳ ዘጠኙ አንዱ የእኛን እጣቢ የሚቀበለው ውኃ ነው ማለት ነው፡፡

በሌላው ዓለም የአእዋፍ ወዳጆች በብርድ ወራት ወደ ባሕር ዳር ይወጣሉ፡፡ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበትን፣ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው የሚገለጥበትን፣ ከሩቅ የመጡ ወፎች ወርደው ጭቃውን በመንቆራቸው የሚበረብሩበትን ቦታ ሊያዩ ይወጣሉ፡፡ በኔዘርላንድ፣ በጀርመንና በዴንማርክ ዳርቻ የተዘረጋው የዋደን ባሕር እንዲህ ያለ የጭቃ ሜዳ ነው፡፡ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 የኔዘርላንድንና የጀርመንን ክፍል፣ በ2014 ደግሞ የዴንማርክን ክፍል በዓለም ቅርስነት መዘገበ፡፡ ልብ በሉ፤ ጭቃ ነው ቅርስ የሆነው፡፡ ከጭቃው ላይ ግንብ የለም፣ ሐውልት የለም፡፡ ጭቃውን ቅርስ ያደረገው በውስጡና በላዩ ያለው ሕይወት ነው፡፡

እኛ ባሕር የለንም፡፡ የአቃቂን ውኃ የሚወስደው አዋሽ እንኳ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ የሚቀር ወንዝ ነው፡፡ ወንዛችን ወደ ባሕር ባይሄድም የባሕር ዳር ወፎች ግን ወደ እርሱ ይመጣሉ፡፡ በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ረግረጎች የተፈለፈሉ፣ በዚያ ባሕር ዳርቻ ጭቃ የሚበረብሩ ቀጫጭን እግር ያላቸው ወፎች የእኛን የሐይቅ ዳር ጭቃም ያውቁታል፡፡ ሰሜኑ በበረዶ ሲዘጋ እዚህ ይከፈትላቸዋል፡፡

እዚህ ላይ ለተርጓሚ ወዳጆቼ አንድ ነገር ላንሣ፡፡ የሩሲያንና የእንግሊዝን ልቦለድ ወደ አማርኛ ስትመልሱ የእነርሱን የበረዶ ወራት «ክረምት» ትሉታላችሁ፡፡ ሌላ ቃል ስለሌለን ልወቅሳችሁ አይቻለኝም፡፡ ነገር ግን ያ ቃል አንባቢውን ሰኔና ሐምሌ ያስገባዋል፡፡ የእነርሱ የበረዶ ወራት የእኛ በጋ ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ሰማዩ የጠራበት፣ ጤፉ የታጨደበት፣ ሌሊቱ የሚቆረቁርበት ወቅት፡፡ ሁለቱን ዘመኖች የሚያያይዛቸው ወፉ ነው፡፡ ልቦለዱ ውስጥ በረዶ የሚያየው ገጸ ባሕርይ በመስኮቱ ስትሄድ የተመለከታት ወፍ በእኛ የገና ሰሞን አቃቂ ላይ ቆማ ትገኝ ይሆናል፡፡ ትርጉም ማለት ይህ ነው፤ አንድ ፍጡር በሁለት ሰማይ ስር ሁለቱንም ወቅት ሲያነብ!

ከእንግዶቹ ሁሉ ታላቁን ላስተዋውቃችሁ፡፡ ግራጫ ነው፡፡ አንገቱና እግሩ ረጃጅም፣ ቁመቱ ከሕፃን ልጅ የሚስተካከል፣ ድምፁ እንደ መለከት ከሩቅ የሚሰማ፡፡ በሰማይ ሲያልፍ በረድፍ ተሰልፎ ነው፡፡ በፊንላንድና በኢስቶኒያ የሳተላይት መከታተያ ከታሰረባቸው የዚህ ወፍ ዝርያዎች መካከል ኢትዮጵያ ድረስ የመጡ አሉ፤ መንገዱ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፡፡ በጥቅምትና በኅዳር ይደርሳል፤ በየካቲትና በመጋቢት ይመለሳል፡፡ በጣና ዳር፣ በሱሉልታ ሜዳ፣ በቢሾፍቱው ጨለለቃ በሺዎች ይታያል፡፡ ቀን ቀን ከታጨደ ማሳ ላይ የወደቀ እህል ይለቅማል፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወደ ውኃ ይመለሳል፡፡ የሚያድረው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆሞ ነው፡፡ ጅብም ሆነ ቀበሮ ቢመጣ የውኃው መንቦጫረቅ ያነቃዋል፡፡ ስለዚህ ረግረጉ ለእርሱ አልጋውና ዘበኛው ነው፡፡ ማሳው ሞልቶ ረግረጉ ቢደፈን፣ ምግብ በሞላበት አገር ማደሪያ ያጣ እንግዳ ይሆናል፡፡

ስሙስ? እዚህ ላይ ነው የአማርኛ ሰዎች ጉድ የሚታየው፡፡ እንግሊዞች ይህን ወፍ «ክሬን» ይሉታል፡፡ ከባድ ዕቃ የሚያነሣውን ማሽን ከዚህ ወፍ አንገት ጋር ስላመሳሰሉት በወፉ ስም ጠሩት፡፡ ለእኛ የደረሰን ማሽኑ ብቻ ነው፡፡ በአዲስ አበባ ማንኛውንም ሕፃን «ክሬን የት አለ?» ብትሉት ጣቱን ወደ ጅምር ፎቅ ይቀስራል፡፡ ወፉ ስሙን ለማሽን አበደረ፤ ማሽኑ መጥቶ የወፉን ማደሪያ ወሰደ፤ ስሙንም ይዞ ቀረ፡፡ በብድር ክፍል ቋንቋ ይህ ያልተመለሰ ብድር ይባላል፡፡ በረግረጉ ዳር የሚያርሰው ገበሬ ይህን ወፍ በየዓመቱ በማሳው ላይ እያየው ስም አልሰጠውም ብዬ አላምንም፡፡ ግን ያን ስም ሄዶ የጠየቀ፣ አምጥቶም በግጥሙ ያሰፈረ ገጣሚ የት አለ?

ግጥሞቻችንን አንብቡ፡፡ ወፍ ሞልቷል፡፡ ወፍ ይዘምራል፣ ወፍ ይበራል፣ ወፍ ከጎጆው ይሰደዳል፡፡ የትኛው ወፍ? መልስ የለም፡፡ ርግብ ካለች ለሰላም፣ ንስር ካለ ለኃይል፣ ቁራ ካለ ለመርዶ ነው፡፡ ሦስቱም ከእውነተኛ ዛፍ ላይ ወርደው ከአርማ ላይ ከተለጠፉ ቆይተዋል፡፡ በቋንቋው ድህነት ማመካኘትም አይቻልም፡፡ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ን በአማርኛ የገለጠ ሰው ሽመላን፣ ሳቢሳን፣ ይብራን፣ ጋጋኖን በአንድ ገጽ ላይ ያገኛቸዋል፡፡ የጥንቶቹ ተርጓሚዎች የማይበሉትን ወፎች ለመከልከል ሲሉ እያንዳንዱን በስሙ ጠሩ፡፡ የዛሬው ገጣሚ የሚወደውን ወፍ ለማወደስ ስም ሲያጣ ምን ይባላል? ነቢዩ ኤርምያስም በምዕራፍ 8 ሕዝቡን ሲወቅስ ወደ ሰማይ ያመለክታል፤ ሽመላ እንኳ ወቅቷን ስታውቅ ሕዝቡ ግን አላወቀም ይላል፡፡ ተግሣጹ የሚነክሰው ሰሚዎቹ ሽመላን አይተው ስለሚያውቁ ነው፡፡ ሽመላን አይቶ ለማያውቅ ጉባኤ ያ ተግሣጽ ባዶ ድምፅ ነው፡፡

ስለ መስቀል ወፍም አንድ ነገር ልበል፡፡ ብቅ ብሎ ለሚጠፋ ወዳጅ «የመስቀል ወፍ ሆንክ» እንላለን፡፡ ምሳሌው ያምራል፤ ተፈጥሮው ግን ሌላ ነው፡፡ በመስከረም ቀይና ቢጫ ለብሶ የምናየው ወንዱ ነው፤ ክረምቱ ሲገባደድ ለጋብቻ ያጌጣል፡፡ ወቅቱ ሲያልፍ ጌጡን ጥሎ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ይሆንና ከመካከላችን ይኖራል፡፡ የትም አልሄደም፤ ሲያጌጥ ብቻ ስለምናየው ነው የሄደ የሚመስለን፡፡ በእውነት ሄዶ፣ በእውነት አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር አቋርጦ፣ ቀጠሮውን ጠብቆ ለሚመለሰው ግራጫ እንግዳ ግን አንድ ምሳሌ እንኳ አልፈጠርንለትም፡፡ ለቀረው «ጠፋህ» ስንል ለመጣው «እንኳን ደህና መጣህ» ማለት አልለመድንም፡፡

አሁን ወደ ተቃውሞው ልሂድ፡፡ አንድ የግጥም ወዳጄ ይህን ሐሳብ ሳነሣበት ሳቀብኝ፡፡ «ወፍ መቁጠር የጠገበ ፈረንጅ ሥራ ነው» አለኝ፡፡ «እዚህ አገር ሰው ቤት አጥቶ ስለ ወፍ ማደሪያ ትጽፋለህ?» ተቃውሞው ክቡር ነው፤ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም፡፡ ቤት የሌለው ሰው ጥያቄ ከወፍ ጥያቄ ይቀድማል፡፡ ነገር ግን ወዳጄ አንድ ነገር ዘንግቷል፡፡ ወፉና ቤት የሌለው ሰው የሚጠጡት ከአንድ ወንዝ ነው፡፡

ትንሹ አቃቂ በመንገዱ ላይ የመኖሪያ ቤቶችን ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የፋብሪካና የቆዳ ፋብሪካ እጣቢ ይቀበላል፡፡ ከመካኒሳ ጀምሮ ወደ ታች በወንዙ ዳር የሚለማው አትክልት በዚያው ውኃ ነው የሚጠጣው፡፡ ቆስጣው፣ ሰላጣው፣ ጎመኑ በማለዳ ተጭኖ ገበያ ይገባል፡፡ ተመራማሪዎች በዚህ አትክልትና በአፈሩ ውስጥ ክሮሚየምን፣ ካድሚየምን፣ እርሳስን የመሰሉ ከባድ ብረቶችን እየለኩ ብዙ ጽፈዋል፡፡ ጤናማ ረግረግ ይህን ሸክም ከሚያቀሉ ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው፡፡ ወንዙ ሲገባበት ይዘገያል፤ ሲዘገይ ዝቃጩ ወደ ታች ይቀመጣል፤ ቄጠማውና ደንገሉ ከውኃው ውስጥ ብዙ ነገር በሥሩ ይስባል፡፡ አቅሙ ግን ወሰን አለው፡፡ በላዩ እጣቢ እየጨመርን፣ በጎኑ አፈር እየደፋን፣ እምቦጭ እንዲሸፍነው እየተውነው ለዘላለም ያጥብልናል ብለን ልንጠብቅ አንችልም፡፡ ወፉ ሲጠፋ የሚጠፋው ጌጥ አይደለም፡፡ ሳይከፈለው የሚሠራው ዘበኛ ደወሉን እየደወለ ነው፡፡ ወፍ የሸሸውን ውኃ ሰላጣው ግን ሊሸሸው አይችልም፤ ሰላጣውም ወደ ገበታችን ይመጣል፡፡

ደወሉን ያልሰማ አገር ምን እንደሚሆን ከራሳችን ምድር ምስክር አለ፡፡ የሐረርን ሕዝብ ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ደረቀ፡፡ ፓምፑ በዛ፣ መስኖው በዛ፣ ደለሉ ሞላ፡፡ ከዓመታት በኋላ ውኃው ተመልሷል፤ ይህ ተስፋ ይሰጣል፤ ግን በመሃል ሐይቅ የነበረው ቦታ ሰውና ከብት የሚረግጠው ሜዳ ሆኖ ነበር፡፡ አብያታ ሐይቅን ደግሞ ተመልከቱ፡፡ ነጫጭ ፔሊካኖች ጠላት በማይደርስበት በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ይፈለፍሉ ነበር፤ ሻላ ግን በቂ ዓሣ ስለሌለው ለቀለባቸው ወደ ጎረቤቱ አብያታ ይበሩ ነበር፡፡ አብያታን የሚመግቡት ወንዞች ለመስኖ ተጠለፉ፤ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውኃ ተቀዳ፡፡ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨው በረታበት፣ ዓሣው አለቀ፡፡ ቤት በአንዱ፣ እንጀራ በሌላው ሐይቅ የነበራቸው ወፎች እንጀራው ሲያልቅ ቤቱ ምን ይሠራላቸዋል? በዚያ ዓሣ የሚተዳደር ሰውም እንደዚያው ነው፡፡

«አሁን እኮ ወንዞቻችን እየተዋቡ ነው» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል፡፡ እውነት ነው፤ ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2019 ከተጀመረ ወዲህ የወንዝ ዳርቻ ሥራ በከተማዋ መሃል ብዙ ነገር ለውጧል፡፡ ቆሻሻ ሲነሣ ደስ የማይለው የለም፡፡ ነገር ግን የተነጠፈ ሣር፣ የተገነባ ፏፏቴና የበራ መብራት ሌላ፣ ረግረግ ሌላ ነው፡፡ ረግረግ ለፎቶግራፍ አይመችም፡፡ ይሸታል፣ ይጨቀያል፣ ጫማ ያበላሻል፤ ዳሩ አይታወቅም፤ በክረምት ይሰፋል፣ በበጋ ይጠባል፡፡ ያ መስፋትና መጥበብ ራሱ ሕይወቱ ነው፤ ወፉ የሚፈልገው የተገለጠ ጭቃ ውኃው ሲሸሽ የሚገኘው ነው፡፡ በሲሚንቶ ጠርዝ የታሠረ ውኃ ለእኛ ያምር ይሆናል፤ ለእግረ ቀጭኗ እንግዳ ግን የተቆለፈ በር ነው፡፡ መሃሉን ስናሳምር ዳሩን ከደፈንነው ፊቱን ተኳኩሎ ኩላሊቱን የሸጠ ሰው መስለናል፡፡

እንግዲህ ከብዕር ሰዎች ምን እጠብቃለሁ? ትልቅ ነገር አይደለም፡፡ ሦስት ነው፡፡

አንደኛ፣ ስም፡፡ በግጥማችሁ «ወፍ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ እወቁ፡፡ አማርኛ ስም ካለው እርሱን አንሡ፤ ከሌላችሁ ገበሬውን፣ እረኛውን፣ ዓሣ አጥማጁን ጠይቁ፤ በአማርኛ ከጠፋ በኦሮምኛ ፈልጉ፤ የአቃቂ ምድር ሰው ከእናንተ በፊት ያውቀዋልና፡፡

ሁለተኛ፣ ቆጠራ፡፡ በየዓመቱ ጥር ላይ በዓለም ዙሪያ የውኃ አእዋፍ ይቆጠራሉ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ሳይቋረጥ እየተደረገ ነው፤ በአገራችንም የሚሳተፉ አሉ፡፡ ቆጠራ ከግጥም የራቀ ደረቅ ሥራ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል፡፡ አንድ በአንድ መቁጠር ማለት እያንዳንዱን ማየት ማለት ነው፡፡ እንጀራዬን የምበላው በመቁጠር ስለሆነ ይህን አውቃለሁ፤ ያልተቆጠረ ነገር ሲጎድል ማንም አይጠየቅበትም፡፡ ሩቅ መሄድ ለማይችል ደግሞ እንግዳዋ ደጁ ድረስ ትመጣለች፡፡ በበጋ ጠዋት ላፍቶ ወይም ለቡ በሚገኝ የሣር ሜዳ ላይ፣ ከከብት እግር ስር ጭራዋን እያወዛወዘች የምትራመድ ቢጫ ደረት ወፍ ተመልከቱ፡፡ ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው፤ ከጥቂት የአንድ ብር ሳንቲሞች አይበልጥም፡፡ ያን ክብደት ይዛ ሰሐራንና ባሕርን አቋርጣለች፡፡ ከእርስዋ በላይ ምን ግጥም ትፈልጋላችሁ?

ሦስተኛ፣ ሙግት፡፡ «ባዶ» የሚለው ቃል በስብሰባ፣ በጋዜጣ፣ በማስታወቂያ፣ በወዳጅ ጨዋታ ሲነሣ ዝም አትበሉ፡፡ «ማን ቆጠረው?» በሉ፡፡ ጥያቄው ትንሽ ነው፤ ግን ገልባጩ መኪና ከመድረሱ በፊት ሊደርስ የሚችል ብቸኛ ነገር ነው፡፡ የቃል ሰዎች ነን ካልን የቃል ዘበኛ እንሁን፡፡

ሰፈሬ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ፣ በነፋስ መልእክት ከሚያደርሰው ስልክ ነው፡፡ ዛሬም በየጥቅምቱ በነፋስ ላይ የሚመጣ መልእክት አለ፤ በራሳችን ጣራ ላይ በረድፍ ተሰልፎ፣ እየተጣራ ያልፋል፡፡ አንሥቶ «አቤት» የሚል ጠፍቶ ነው እንጂ መስመሩ አልተቋረጠም፡፡ ለብዕር ወገኖቼ ይህችን ስንኝ ትቼ ልሰናበት፤

ባዶ መሬት ብለው ፈረሙ በላዩ፣
ሺህ ክንፍ አርፎ ሳለ እያዩ እንዳላዩ፤
መንገዱን ሳይረሳ ሲመጣ እንግዳው፣
አጥር ተቀበለው ውኃ አጥቶ ሜዳው፡፡

ቸር ይግጠመን!